የመንዝ ጌራ ምድር በቁጥር፦ ስለ አንድ የገጠር ወረዳ ሕዝብና ኑሮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአባቴ አገር መንዝ ነው። እዚያ ስለተወለደ፣ ስለዚያ አገር አንድ ነገር መጻፍ የፈለገ ሰው ሁሉ እኔ ጋ ይደውላል። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ፣ ለትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያሰባስብ ዘመድ፣ ውጭ አገር ተወልዶ የአያቱን ቀዬ ማወቅ የፈለገ ልጅ። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። «የወረዳው ሕዝብ ስንት ነው? ምን ያመርታል? ስንቱ ተምሯል?» መልሱን በየጊዜው በስልክ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው አልኩ። ምሳሌዬ መንዝ ጌራ ምድር ነው። ነገሩ ግን ለማንኛውም የገጠር ወረዳ ይሠራል።

ወረዳው የት ነው?

አማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ዞን። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከደሴው መንገድ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ዋና ከተማው መሐል ሜዳ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጋቢ ሳትይዙ አትሂዱ። የድሮ ሰዎች መንዝን ላሎ፣ ማማ እና ጌራ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። ዛሬ ቀያ ገብርኤል ተጨምሮ በመንዝ ስም የሚጠሩ አራት ወረዳዎች አሉ።

ስንት ሕዝብ ይኖርበታል?

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 120 ሺህ ሰው ተቆጥሮበታል። ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 109 ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ከ10 ሰው 9ኙ ገጠር ነው የሚኖረው።

ይህን ቁጥር ስትጽፉ ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ። አደራ። «የወረዳው ሕዝብ 120 ሺህ ነው» ብሎ የሚጀምር የዛሬ ጽሑፍ አያለሁ። ነው ሳይሆን ነበር። በዚያ ቆጠራ የተመዘገበ ሕፃን ዛሬ ራሱ ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አዲስ ቆጠራ ለምን የለም?

ኢትዮጵያ እስካሁን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ሕዝቧን የቆጠረችው። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የመጀመሪያው ወደ 42.6 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ወደ 53.5 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው ከ73 ሚሊዮን በላይ አገኘ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል። አራተኛው በ2010 ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ። በ2011ም ካርታው ተሠርቶ፣ ታብሌቱ ተገዝቶ እንደገና ተራዘመ። ምክንያቱ የጸጥታ ችግርና የሰዎች መፈናቀል ነበር።

ይህ የቢሮ ወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወረዳ ከክልሉ የሚያገኘው ጥቅል በጀት ሲከፋፈል የሕዝብ ቁጥር አንዱ መለኪያ ነው። ስንት ኩንታል የእርዳታ እህል፣ ስንት ብልቃጥ ክትባት፣ ስንት መምህር እንደሚያስፈልግ የሚሰላውም ከዚሁ ነው። ያረጀ ቁጥር የያዘ ወረዳ ባረጀ ቁጥር ይመገባል።

ግን የ2009 ወይም የ2015 ቁጥር አይቻለሁ። ከየት መጣ?

ትንበያ ነው። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የ1999ኙን ቆጠራ መነሻ አድርጎ እየገመተ እስከ ወረዳ ድረስ ያወጣል። ትንበያ መጥፎ ነገር አይደለም። ለዕቅድ ያስፈልጋል። ችግሩ ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ሲነቅል፣ ድርቅ ወይም ጦርነት ሲመጣ በስሌቱ ውስጥ አለመታየቱ ነው። በትንበያ መጠቀም ካለባችሁ «በትንበያ» የምትለዋን ቃል አትርሷት።

ከ1987ቱ ቆጠራ ጋር ማነጻጸር እችላለሁ?

ዝም ብላችሁ አታነጻጽሩ! በ1987 ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል አንድ ወረዳ ነበሩ። በ1999 ሁለት ሆነዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የጌራ ሕዝብ ተመናመነ ሊል ይችላል። የተቀነሰው መሬቱ እንጂ ሰው አይደለም። ወረዳ ይከፈላል፣ ቀበሌ ይዋሃዳል፣ ዋና ከተማው ራሱን የቻለ የከተማ አስተዳደር ይሆናል። ሁለት ዓመቶችን ከማወዳደራችሁ በፊት ወሰኑ ያው መሆኑን አንድ የአገሩን ሰው ጠይቁ።

የ1999ኙ ቆጠራ ራሱ ይታመናል?

ይህ ጥያቄ አማራ ክልል ውስጥ ያማል። የክልሉ ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ወጣ። ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ ያነሰ ነበር። የአገሪቱ ዓመታዊ ዕድገት 2.6 በመቶ ሲባል የክልሉ 1.7 በመቶ ብቻ ተባለ። ፓርላማ ላይ ጥያቄ ተነሣ፣ ክርክርም ተደረገ። ከፊሉን የወሊድ መቀነስ ሊያስረዳው ይችላል፤ ክልሉ ውስጥ የወሊድ መጠን በእርግጥ ወርዷል። ሁሉንም ግን አያስረዳም የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ነኝ። እንዲህም ሆኖ ለአንድ ወረዳ እስከ ቤተሰብ ድረስ የወረደ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለንም። ስለዚህ ተጠቀሙበት፣ ክርክሩንም አትደብቁ።

በሠንጠረዡ ላይ የ40፣ የ50 እና የ60 ዓመት ሰው ለምን በዛ?

አያቴን ላስቆጥርላችሁ። ቆጣሪው ወጣት ልጅ ነበር፣ ከዚያው አካባቢ። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አላት። «ልጄ፣ ጣሊያን ሲገባ ጡት እጠባ ነበር» አለችው። ትንሽ አሰበና ሰባ ብሎ ጻፈ። እሷም ተቀበለች።

የልደት የምስክር ወረቀት በሌለበት አገር ዕድሜ እንዲህ ነው የሚገኘው። ሰው በዘመን ያስታውሳል። ጣሊያን፣ የንጉሡ መውረድ፣ ሰባ ሰባት። ቆጣሪው ወደ ቁጥር ሲቀይረው በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ዓመት ይጠጋል። ለዚህ ነው ሠንጠረዡ 50 ላይ ተራራ፣ 51 ላይ ገደል የሚሆነው። ስለዚህ ነጠላ ዕድሜ አትጥቀሱ። ከ5 ወይም ከ10 ዓመት ባነሰ ክፍል አትከፋፍሉ።

«አባወራ» እና «እማወራ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በቆጠራ ቋንቋ ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ ሰው ነው። ሥጋ ዝምድና አይጠየቅም። ቤቱን የሚመራው ወንድ ከሆነ አባወራ፣ ሴት ከሆነች እማወራ ይባላሉ። በ1999 በአገሪቱ አማካይ የቤተሰብ ብዛት 4.7 ሰው ነበር። በአማራ ክልል 4.3።

እማወራ የሚለውን ዓምድ ሳትዘልሉ እዩት። ባሏ የሞተባት፣ የተፋታች፣ ባሏ ለሥራ ወጥቶ የቀረባት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለች። በእኛ አገር ልማድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ እማወራ መሬት ቢኖራትም የሚያርስላት ትፈልጋለች። መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ምርቷ ገና ሳይዘራ ግማሽ ይሆናል። ከዚያ ዓምድ ጀርባ ያለው ኑሮ ይህ ነው።

አንድ የተሻሻለ ነገር አለ። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል፣ ስማቸውም አብሮ ይጻፋል። ፍቺ ሲመጣ ይህች ደብተር ብዙ ሴት ከሜዳ ላይ አትርፋለች።

አንድ ገበሬ ስንት መሬት አለው?

የደጋው ገበሬ በጥማድ ነው የሚቆጥረው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። ሩብ ሄክታር ገደማ ይሆናል። አብዛኛው ቤተሰብ ከአራት ጥማድ ያነሰ አለው። ያውም ተራርቆ፣ አንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ገደል አፋፍ ላይ።

እዚህ ላይ አማካይ ያታልላል። አሥር ቤት አስቡ። ዘጠኙ ሁለት ሁለት ጥማድ አላቸው፣ አንዱ አሥራ ሁለት። አማካዩ ሦስት ይመጣል። ሦስት ጥማድ ያለው ግን አንድም ሰው የለም። የወረዳ ቢሮ ወረቀት ላይ «አማካይ ይዞታ» ካያችሁ፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተቆጥረው እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አይቆጠሩም። ያገባ ልጅ ከአባቱ ይዞታ ላይ ቆርሶ ያርሳል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አባትየው ብቻ አለ።

ስለ ምርት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አገኘሁ። የትኛውን ልያዝ?

ሁለቱም እውነተኛ ምንጭ አላቸው፣ ግን መንገዳቸው ለየቅል ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት በናሙና በተመረጡ ማሳዎች ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ይለካል። የዚያን ሰብል አጭዶ፣ ወቅቶ፣ መዝኖ ያሰላል። የግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ በየቀበሌው ካሉ የልማት ሠራተኞች የሚመጣ ሪፖርት ይደምራል። ይህኛው በአብዛኛው የዓይን ግምት ነው፣ ከላይ የወረደ ዕቅድም ይጫነዋል። የልማት ሠራተኛውን አልወቅስም። ማሳው ብዙ፣ እሱ አንድ ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እይዛለሁ። ግን ልብ በሉ፤ የናሙናው ጥናት ውጤት እስከ ዞን እንጂ እስከ ወረዳ አይወርድም። «ሰሜን ሸዋ በሄክታር ይህን ያህል ገብስ» ማለት ይቻላል። «ጌራ ምድር» ካላችሁ ግን ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ወስዳችኋል ማለት ነው።

መንዝ ላይ ሌላም አለ። አገሩ ደጋና ውርጭ ስለሆነ የሚታመነው ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴና ምስር ነው። በበልግ የሚዘራም አለ፣ በመኸር የሚዘራም። በመኸር የመጣ ቁጥር ብቻ ካያችሁ የበልግ ገብስን ጥላችሁ ሄዳችኋል።

ከብትና በግስ?

መንዝ ያለ በግ መንዝ አይደለም። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ጸጉሩ ግን ወፍራም፣ ብርድ የሚችል። ከሱፉ ባናና በርኖስ ይሠራል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎችና ገበሬዎች አብረው የተሻለ አውራ በግ እየመረጡ በጋራ የሚያራቡበት ሥራም ተጀምሯል። በቁጥር ስናይ ግን በግ ያስቸግራል። ከመስቀልና ከፋሲካ በፊት ብትቆጥሩ አንድ ነው፣ በኋላ ብትቆጥሩ ሌላ። ደግሞ ገበሬ ከብቱን በትክክል አይናገርም። ግብር ይመጣል ብሎ ይሰጋል፣ ከእርዳታ መዝገብ እሰረዛለሁ ብሎም ይሰጋል። በግ ሲቆጠርበት ዓይን ይገባዋል የሚሉ ሽማግሌዎችም አውቃለሁ።

ስለ ጤና የሚነገረው መሻሻል እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሐጢአት ይሆንብኛል። በአገር ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1997 123 ሆነ፣ በ2003 88፣ በ2008 67። የአያቴ ዘመን እናት ከወለደቻቸው ስንቱን እንደቀበረች ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር እንባ ያመጣል።

በመካከሉ ብዙ ነገር አለ፣ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ፣ በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ። አንድ ዓመት ሠልጥነው በእግራቸው ቤት ለቤት የሚዞሩ ልጆች ናቸው። አንድ ቀበሌ ወደ 5,000 ሰው ይኖርበታል ተብሎ ነው የታሰበው። መንዝ ውስጥ ግን ከአንድ ጎጥ ወደ ሌላው ለመድረስ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት ነው። «ሽፋን 100 በመቶ» የሚለው ያንን ገደል አያሳይም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ ያለው ጥናትም ናሙና ነው፣ እስከ ክልል ብቻ ይወርዳል። «የወረዳችን የሕፃናት ሞት» ብሎ ከዚያ ጥናት የጠቀሰ ሰው ተሳስቷል።

ወሊድስ?

በ2008ቱ ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች ተባለ። ገጠር 5.2፣ ከተማ 2.3፣ አዲስ አበባ 1.8። አማራ ክልል 3.7 ነበር። አብዛኛው ሕዝቡ ገጠር ሆኖ ከአገሪቱ አማካይ በታች መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። መሬቱ አልቋል። ወላጅ ይህን ከማንም ጥናት በፊት ያውቃል።

የትምህርት ተሳትፎ እንዴት ከ100 በመቶ ይበልጣል?

ጥቅል ተሳትፎ የሚባለው በክፍል ውስጥ ያለውን ልጅ ሁሉ፣ ዕድሜው የቱንም ያህል ቢሆን፣ በትክክለኛው የትምህርት ዕድሜ ላይ ላሉ ልጆች ቁጥር ያካፍላል። በበግ እረኝነት ዘግይቶ በ11 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅም ይደመራል። ደግሞ አካፋዩ ከትንበያ የመጣ ነው። ትንበያው ካነሰ መቶኛው ይንራል። የተጣራውን ተሳትፎ ጠይቁ፤ እሱ በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ያሉትን ልጆች ብቻ ነው የሚቆጥረው። ከዚያ ደግሞ ስንቱ ስምንተኛ ክፍል እንደደረሰ ጠይቁ። መስከረም ላይ የተመዘገበና ግንቦት ላይ የተቀመጠ አንድ አይደለም።

የንጹህ ውሃ ሽፋን የሚባለውስ?

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። ሽፋን የሚሰላው ከተሠራው የውሃ ተቋም ነው። ፓምፑ ከተበላሸ ዓመት ቢሆነውም መዝገቡ ላይ ቆሞ ሊቆይ ይችላል። «ስንቱ ተሠራ?» ሳይሆን «ዛሬ ስንቱ ውሃ ይሰጣል?» በሉ።

ያለፉት ዓመታት ጦርነት ቁጥሩን እንዴት ነካው?

በጣም። በ2013 የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ውጊያ፣ መረጃ ሰብሳቢ እንዳይንቀሳቀስ አድርጓል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የእነዚህን ዓመታት የወረዳ ሪፖርት ካገኛችሁ ስንት ቀበሌ ሪፖርት እንዳደረገ መጀመሪያ እዩ። ባዶ የቀረ ቦታ ዜሮ ማለት አይደለም።

በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የማይገኘው ምንድን ነው?

ጓሳ። ከጠየቁኝ ሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

ከ3,200 ሜትር በላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሣር ምድር አለ። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ጠብቆታል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ በስምምነት ይከፈታል። የሚመራ አባት ይመረጣል። ሰርቆ ያጨደ ይቀጣል። ከጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛው ከዝናብ የሚከለልበት ገሳ ይሠራል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ አለበት። በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ የቀሩት ቀይ ቀበሮም አለበት።

ይህ በየትኛው ዓምድ ይግባ? የሰብል ምርት አይደለም። ገቢ ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው «ገቢ የለኝም» ይላል። ነገር ግን ጣሪያው ጓሳ ነው፣ በድርቅ ዓመት የበጉ መኖም ጓሳ ነው። ደቦና ወንፈልም እንዲሁ። ገንዘብ አልተከፈለበትምና አይመዘገብም። የታመመ ሰው እህሉን ጎረቤት አጭዶ ሲከምርለት፣ ያ ቀን በማንኛውም የሥራ ስታቲስቲክስ ውስጥ የለም። እድሩም፣ የጽዋ ማኅበሩም የለም።

ሴፍቲኔት ውስጥ ያለው ሰው ብዛት የድህነት መለኪያ ይሆናል?

አይሆንም። ሴፍቲኔት፣ ለችግረኛ ቤተሰብ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ወረዳ ኮታ አለው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ የተመደበውን እንጂ የተራበውን አይደለም።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ከወረዳው ፕላን ጽሕፈት ቤት። «የወረዳው ገጽታ» የሚባል ጥራዝ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ በስፒል የተያያዘ ኮፒ ነው። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ግብርና፣ ትምህርትና ጤና ጽሕፈት ቤቶችን ለየብቻ ጠይቁ፣ የሕዝብ ቁጥራቸው ይለያይ እንደሆነ አስተያዩ። ይለያያል። ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ሳትከራከሩ።

ከዚያ አንድ ቀበሌ ምረጡና ጤና ኬላ ግቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘንድ በቤት ቁጥር የተደረደረ የቤተሰብ ማኅደር አለ። ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረው፣ የትኛው ቤት መጸዳጃ እንዳለው ተጽፎበታል። የሰው ሚስጥር ስለሆነ ልታሳያችሁ አይገባም፣ አትጠይቋትም። ግን ድምሩን ልትነግራችሁ ትችላለች። አብራችሁ አንድ ጎጥ እንድትወርዱ ከፈቀደችላችሁ ደግሞ ጫማችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ።

ከመሐል ሜዳ እስከ አያቴ ቤት በእግር ሁለት ሰዓት ነው።